ልጅ ይዞ ወደ ሌላ ስቴት መዛወር፦ ካስተዲ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

አሜሪካ ውስጥ ከትዳር አጋራቸው ተለያይተው ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ስለ መዛወር የሚጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቲኬት ከተቆረጠና የኪራይ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ዳላስ ቤት ረከሰ ይባላል፣ እህት ወይ ወንድም እዚያ አለ፣ ሥራ ተገኝቷል፤ ልጁም የሚኖረው ከእነሱ ጋር ስለሆነ ምንም የቀረ ነገር አይታያቸውም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወላጆችን የፍርድ ቤት ወረቀት አብሬ አነባለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፈቃደኛ ከሆኑም ቀጠሮ ድረስ እሸኛለሁ። ለዚህ ሁሉ ሰው ስናገር የኖርኩት አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱ ከሻንጣው ይቅደም። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንብበው የራስዎን ትዕዛዝ ለጠበቃ ማሳየትዎ አይቀርም።

ካስተዲው የእኔ ነው። ልጄን ይዤ መሄድ አልችልም ወይ?

እርስዎን ማንም አያስርዎትም፤ አዋቂ ሰው በፈለገው ስቴት መኖር ይችላል። ዳኛው የሚወስነው ልጁ አብሮዎት ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ነው።

ደግሞም "ካስተዲ" እያልን የምንጠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ልጁ ከማን ጋር ያድራል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ሃይማኖቱ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ልጁ የሚያድረው ከእናቱ ጋር ሆኖ ውሳኔው የሁለቱም የሆነበት ወረቀት በብዛት አያለሁ። እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤት መቀየር እንኳ ብቻዎን የሚወስኑት ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ትዕዛዙን ከመሳቢያ አውጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡት። አንዲት እናት ስምንት ገጽ ወረቀት በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ፍቺው ካለቀበት ቀን ጀምሮ አልተነካም፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ መኪናው ለማን እንደሚደርስ ከሚናገረው አንቀጽ ሥር፣ መኖሪያውን መቀየር ያሰበ ወገን ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ የሚል ሁለት መስመር አገኘን። ለጉዞዋ የቀራት 19 ቀን ነበር። ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆየች።

ስንት ቀን ቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ?

የሚመለከትዎት ትዕዛዙን የሰጠው ስቴት ሕግ ነው፤ ሊሄዱበት ያሰቡት አይደለም። የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ስቴቶች እርግጠኛ የሆንኩባቸውን ልንገርዎት።

ሜሪላንድ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ቢያንስ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ በትዕዛዙ ውስጥ ማስገባት ይችላል። አንቀጹ የእርስዎ ወረቀት ላይ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ካለ እዚያው ስቴት ውስጥ ለሚደረግ ለውጥም ይሠራል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፍሬድሪክ ቢሄዱም ማለት ነው። ቨርጂኒያ 30 ቀን ትላለች፤ ማስታወቂያው ለሌላው ወላጅም ለፍርድ ቤቱም ይደርሳል። ጆርጂያም 30 ቀን ነው። ቴክሳስ 60 ቀን ትጠይቃለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የቴክሳስ ትዕዛዞች ልጁ የሚኖርበትን አካባቢ በካውንቲ አጥረው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። "ዳላስ ካውንቲና አዋሳኝ ካውንቲዎች" የሚል ከተጻፈ፣ ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አጥሩ በስምምነት ወይም በዳኛ መነሳት አለበት።

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት ስለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ዝርዝር ሕግ አላት። ከልጁ የትምህርት ቤት ወረዳ ወጥተው የሚሄዱ ከሆነ 60 ቀን ቀድመው ያሳውቃሉ፤ ቀድመው ማወቅ ካልቻሉ ደግሞ ባወቁ በ5 ቀን ውስጥ። ሌላው ወላጅ ለመቃወም 30 ቀን አለው። በነዚያ 30 ቀናት ልጁን ይዘው መውጣት የሚችሉት በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው።

ሚኒሶታ ጠበቅ ትላለች። ትዕዛዙ ለሌላው ወላጅ ልጁን የሚያይበት ጊዜ ከሰጠው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ወይም ያለ ዳኛ ትዕዛዝ የልጁን መኖሪያ ወደ ሌላ ስቴት ማዛወር አይቻልም። የመዛወሩ ዓላማ አባትየውን ወይም እናትየውን ከልጁ ማራቅ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ሕጉ ዳኛው እንዳይፈቅድ ያዛል።

በቫይበር ነግሬዋለሁ፣ "እሺ" ብሎኛል። አይበቃም?

አይበቃም። ዛሬ "እሺ" ያለ ሰው ከአጎቱ ጋር ሲመክር ነገ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ደግሞም ልጁ ነውና አይፈረድበትም። የስልክ መልእክቱን አያጥፉት፣ ይጠቅማል፤ ግን ደብዳቤ ይጻፉ። የት ከተማ እንደሚሄዱ፣ መቼ፣ ለምን፣ ልጁ የት እንደሚማር፣ እሱ ልጁን መቼና እንዴት እንደሚያገኝ በግልጽ ያስፍሩ። የቆየ ጠብ እዚያ ላይ አይጻፍም። ያን ደብዳቤ ዳኛም ያነበዋል ብለው አስበው ይጻፉት።

ሜሪላንድ ውስጥ ደብዳቤው በአደራ ፖስታ፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚመልሰው ደረሰኝ ነው የሚላከው። ፖስታ ቤት ሄደው "ሰርቲፋይድ ሜይል፣ ሪተርን ሪሲት" ይበሉ። አረንጓዴ ካርቶን ይሰጡዎታል፤ ጀርባው ላይ አድራሻዎን ይሞላሉ፣ ተቀባዩ ይፈርምበትና ተመልሶ ቤትዎ ይመጣል። ያችን ካርቶን ከልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አብረው ያስቀምጧት።

እሱም ከልቡ ከተስማማ ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ስምምነት ፍርድ ቤት አስገብታችሁ ትዕዛዝ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው አእምሮ የሚያርፈው።

እኛን የለያዩን ሽማግሌዎች ናቸው። ልጁ ከእኔ ጋር እንዲሆንም የወሰኑት እነሱ ናቸው። ይህስ?

ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መስማማት ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ከከፋ ጠብ የዳነው በዚያ መንገድ ስለሆነ አላቃልለውም። ግን የተስማማችሁበት ነገር በዳኛ ካልጸደቀ አሜሪካ ውስጥ እንደ ትዕዛዝ አይቆጠርም። አገር ቤትም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የፍቺ ስምምነት በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ነው የሚጠይቀው፤ እዚህ እንግዳ ነገር አልመጣብንም።

ትዕዛዝ ከሌለና ተጋብታችሁ ከነበረ፣ በአብዛኛው ስቴት ሁለታችሁም በልጁ ላይ እኩል መብት ነው ያላችሁ። እርስዎ ይዘውት መሄድ ይችላሉ ማለት፣ እሱም ሄዶ ይዞት መመለስ ይችላል ማለት ነው። ሳይጋቡ የወለዱ ላይ ስቴቶቹ ይለያያሉ። ለምሳሌ ሚኒሶታ አባትነቱ ተረጋግጦ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ካስተዲውን ለእናት ብቻ ትሰጣለች፤ ሌላ ስቴት ይህን ላያገኙት ይችላሉ።

እዚህ ላይ የስድስት ወሩን ነገር ልብ ይበሉ። ስቴቶቹ ሁሉም ማለት ይቻላል የተቀበሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተረቀቀ አንድ ወጥ ሕግ አለ። ስለ ልጅ የሚወስነው ፍርድ ቤት ልጁ በተከታታይ 6 ወር የኖረበት ስቴት ፍርድ ቤት ነው ይላል። ልጁ ከስቴቱ ወጥቶም፣ አንዱ ወላጅ እዚያው ከቀረ፣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ 6 ወር ድረስ የቀድሞው ስቴት ሥልጣኑን አያጣም። ስለዚህ በጥር ወር ከቨርጂኒያ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደው ግንቦት ላይ አባትየው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ቢከስስ፣ የሚከራከሩት ፌርፋክስ ተመላልሰው ነው። የአውሮፕላኑ፣ የጠበቃው፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ሁሉ ተደምሮ ምን እንደሚሆን ያሰሉት።

ዳኛው ምን አይቶ ነው የሚፈቅደው?

በየትኛውም ስቴት መሠረቱ "ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው" የሚለው ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ያውቃታል፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ግን በጥቃቅን ነገር ነው የምትመነዘረው።

መጀመሪያ የሚጠየቁት ለምን እንደሚሄዱ ነው። "ኑሮ ከብዶኝ" ማለት እውነት ቢሆንም ዳኛው እጅ ላይ የሚጨበጥ ነገር የለውም። አሁን የሚከፍሉት ኪራይ ስንት ነው? እዚያስ? የሥራ ቅጥር ደብዳቤው የታለ? የሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን የሚቀየር ከሆነ ለልጁ ምን ማለት እንደሆነ ይንገሩት፦ ማታ እራት አብራችሁ ልትበሉ ነው፣ ጎረቤት ቤት ማደሩ ሊቀር ነው። አያቱ እዚያ ካሉና ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት እሳቸው ከሆኑ፣ ያንን የሚያሳይ ቃላቸውን በጽሑፍ ይስጡ።

ቀጥሎ ልጁ ከሌላው ወላጅ ጋር ያለው ትስስር ይታያል። ልጁን በየሳምንቱ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የወላጆች ስብሰባ የማይቀር፣ ሐኪሙን በስም የሚያውቅ አባት ካለ፣ ያንን ዝምድና 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ እንዴት እንደሚያቆዩት እርስዎ ናቸው መልስ የሚያዘጋጁት። በእኔ ዕድሜ ያየሁት ከባዱ ስህተት እዚህ ላይ ነው። እናትየዋ አባትየውን ለማሳነስ አንድ ሰዓት ትናገራለች፤ ልጁ አባቱን መቼ እንደሚያገኝ ስትጠየቅ ግን ያሰበችው ነገር የለም። ዳኛው ያን ዝምታ ይመዘግበዋል።

የልጁ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታው፣ ጓደኞቹ፣ የሚከታተለው ልዩ ትምህርት ካለም ይታያል። በንግግር ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ከሆነ አዲሱ ከተማ ውስጥ የት እንደሚቀጥል ቀድመው ይጠይቁና የምዝገባውን ወረቀት ይያዙ።

የማስረዳቱ ሸክም የማን ነው የሚለውም ይለያያል። ሚኒሶታ መዛወር የፈለገው ወላጅ ያስረዳ ትላለች፤ የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ከሆነ ግን ሸክሙ ወደ ሌላው ይዞራል። ዋሽንግተን ስቴት ተቃራኒውን ትይዛለች፦ ልጁ በብዛት አብሮት የሚኖረው ወላጅ መዛወሩ ይፈቀድለታል ከሚል ግምት ትነሳና፣ የተቃወመው ያፍርሰው ትላለች። ሆኖም ልጁ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር 45 በመቶና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚያሳልፍ ከሆነ ይህ ግምት አይሠራም።

አባትየው ቻይልድ ሰፖርት አይከፍልም። ታዲያ በምን መብቱ ይከለክለኛል?

ንዴትዎ ይገባኛል። ፍርድ ቤቱ ግን ገንዘቡንና ልጁን የማየት መብቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ስላልከፈለ ልጁን አያሳዩትም ማለት አይቻልም፤ ልጁን ስላላየ አልከፍልም ማለትም አይችልም። ያልከፈለበትን ወራት በዝርዝር ይያዙ፤ ከልጁ ሕይወት ርቆ መቆየቱን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ያሳይልዎታል። ሊያይ ቀጠሮ ይዞ ሳይመጣ የቀረባቸውን ቀናትም በካላንደር ላይ ይጻፉ። ከተዛወሩ በኋላም የድጋፉ ትዕዛዝ አይሞትም፤ በስቴቶች መካከል ማስፈጸሚያ መንገድ አለው።

ሥራው በሁለት ሳምንት ጀምሪ ብሎኛል። ዘጠናውን ቀን እንዴት ልጠብቅ?

ቀጣሪውን ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ የሚረዱ አሉ። እምቢ ካሉ፣ እርስዎ ቀድመው ሄደው ልጁ ለጊዜው እዚያው የሚቆይበትን ወይም ፍርድ ቤት በአስቸኳይ እንዲያይልዎት የሚጠይቁበትን መንገድ ጠበቃ ያማክሩ። ሜሪላንድ ውስጥ በገንዘብ ችግር ወይም በሌላ አስገዳጅ ምክንያት መሄድ ግድ ሆኖበት፣ እንዳወቀ በተገቢው ጊዜ ላሳወቀ ወላጅ ሕጉ መከላከያ ይሰጠዋል። ይህ ግን ዳኛ ፊት የሚያስረዱት ነገር ነው፤ አስቀድመው አይተማመኑበት።

ዝም ብዬ ብሄድስ?

እለምንዎታለሁ፣ አያድርጉት። ዳኛው ልጁ እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል፤ እርስዎን በፍርድ ቤት መድፈር ሊቀጣ፣ የሌላውን ወገን የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍልዎት፣ ካስተዲውንም ሊቀይረው ይችላል። እንደ ሁኔታው ወንጀል የሚሆንበት ስቴትም አለ። ለዓመታት ልጃቸውን በትጋት ያሳደጉ ሰዎች በዚህች አንድ ነገር የማይታመኑ ሆነው ቀርተዋል።

ጥቃት አለብኝ። አድራሻዬን ብነግረው ይመጣብኛል።

ይህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ትተው ይህን ያንብቡ። አሁን አደጋ ላይ ከሆኑ 911 ይደውሉ። የብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ሌት ተቀን ይሠራል፤ "አምሃሪክ" ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ሕጎቹ ለእርስዎ በር ትተዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ማሳወቁ እርስዎን ወይም ልጁን ለጥቃት የሚያጋልጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያውን ይተውልዎታል። ዋሽንግተን ስቴት ወደ መጠለያ ለሚገባ ወይም ከቅርብ አደጋ ለሚሸሽ ወላጅ ማስታወቂያውን በ21 ቀን ማዘግየት ትፈቅዳለች። ከስቴት ወጥተው ከሸሹም፣ የደረሱበት ስቴት ፍርድ ቤት ልጁን ለመጠበቅ ጊዜያዊ የአስቸኳይ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል። ሜሪላንድና ሚኒሶታን ጨምሮ በርካታ ስቴቶች ደግሞ እውነተኛ አድራሻዎን ደብቀው ደብዳቤዎ በሌላ አድራሻ የሚደርስበት ፕሮግራም አላቸው።

"ገመናሽን አታውጪ" የሚልዎት ዘመድ አይጠፋም። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የመከላከያ ትዕዛዝ ካለዎት ኮፒውን ከቤት ውጭ፣ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ያኑሩ። እሱ ስልክዎን የሚከፍት ከሆነ ይህን ጽሑፍም በሌላ ስልክ ያንብቡት።

ልጄን መቼ ያያታል? በዓላቱስ?

እዚህ ላይ ጊዜ ብናጠፋ አይቆጨንም፤ ወላጆች ተመልሰው ፍርድ ቤት የሚቆሙት በአብዛኛው ጉዞና በዓል ላይ ነው።

የፍርድ ቤቱ ፎርም ላይ የታተሙት በዓላት ታንክስጊቪንግ፣ ዲሴምበር 25፣ ስፕሪንግ ብሬክ ናቸው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል፤ ትምህርት ገና መጀመሩ ነው። ፋሲካችን አንዳንድ ዓመት ከፈረንጆቹ ጋር ይገጥማል፣ እንደ 2025፤ አንዳንዴ ደግሞ ከወር በላይ ይርቃል፤ በ2027 የእነሱ ማርች 28 ሲሆን የእኛ ሜይ 2 ነው። ወረቀቱ ላይ "ኢስተር" ብቻ ከተጻፈ የትኛው ነው? "የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፋሲካ" ተብሎ በስሙ ይጻፍ። ሙስሊም ወላጆችም ሁለቱን ዒዶች በስም ያስገቡ፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር "ከዋዜማው ማታ 12 ሰዓት ጀምሮ" ብሎ መወሰን ይሻላል። ሰዓቱን ግን በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ይጻፉት፤ የእኛ 12 ሰዓት ዳኛው ዘንድ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው።

ርቀቱ ሲሰፋ ቅዳሜና እሁድ ያለው መመላለስ ይቀራል። በምትኩ የክረምቱን (የሰመሩን) እረፍት አብዛኛውን ክፍል፣ ረዘም ያለውን እረፍት፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ ያቅርቡ። የሰዓት ልዩነቱን አይርሱ፤ ሲያትል ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ሕፃን ተኝቷል።

ቲኬቱን ማን ይቆርጣል? ልጁን ማን ያደርሳል? አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅን ብቻውን አያሳፍሩም። ከዚያ በላይ ላለው ልጅ ደግሞ አጃቢ ይመድቡና ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ በአንድ ጉዞ 150 ዶላር የሚጠይቁ አሉ። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። እርስዎ ከወጪው ላቅ ያለውን እሸፍናለሁ ቢሉ ዳኛው ከልብዎ መሆኑን ያያል።

አዲሱ ስቴት ከገባሁ በኋላ ጉዳዬን የሚያየው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ሌላው ወላጅ በቀድሞው ስቴት እስካለ ድረስ፣ ትዕዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት ሥልጣኑን ይዞ ይቆያል። አዲሱ ቦታ አምስት ዓመት ኖረውም ትዕዛዙን ለማስቀየር የሚመለሱት ወደዚያው ነው፤ እዚያ ያለው ዳኛ ራሱ "አዲሱ ስቴት ቢያየው ይሻላል" ብሎ ካልለቀቀው በቀር። እንደገቡ ግን የትዕዛዙን የተረጋገጠ ቅጂ አዲሱ ካውንቲ ፍርድ ቤት ያስመዝግቡ። ያን ጊዜ አዲሱ ስቴት ውስጥ ማስፈጸሙ ይቀልዎታል።

ዜጋ ካልሆኑ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርዎትም፣ አድራሻ በቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ያሳውቁ፤ ዜጋ ላልሆነ ልጅም እንዲሁ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለዚያ ፍርድ ቤት በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለብቻው ያሳውቃል። ቀጠሮ የያዘ ደብዳቤ አሮጌው አድራሻ ሄዶ የቀረባቸው ሰዎች አሉ።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ራሱ አይመርጥም?

ሐሳቡ ይሰማል፤ ውሳኔው ግን የዳኛው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅን፣ አንዱ ወገን ካመለከተ፣ ዳኛው በቢሮው ጠርቶ ያነጋግረዋል። ጆርጂያ 14 ለሞላው ልጅ ምርጫ ትልቅ ክብደት ትሰጣለች። ሜሪላንድ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ካስተዲ እንዲቀየር ማመልከት ይችላል። ልጁን አያስጠኑት። ዳኞች የተጠና ንግግርን ለመለየት ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ ልጁም አንዱን ወላጁን የከዳ እየመሰለው ያድጋል።

ክረምቱን ኢትዮጵያ አያቷ ጋር ልወስዳት እፈልጋለሁ። እሱም እንደዚሁ ነው?

ከበድ ይላል። ኢትዮጵያ፣ ልጅን ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1980 የተደረገው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። ልጁ እዚያ ቢቀር በዚያ ስምምነት ማስመለስ አይቻልም፤ ሌላው ወላጅ ቢፈራና ዳኛውም ቢጠነቀቅ የሚያስገርም አይደለም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት የሁለቱም ወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ መቅረብ ካልቻለ ፈቃዱን ኖታሪ ፊት ፈርሞ ይልካል። ብቸኛ ካስተዲ ያለው ሰው ትዕዛዙን ያቀርባል። ለጉዞው ራሱ የመሄጃና የመመለሻ ቲኬቱን፣ የሚያርፉበትን ቤትና ስልክ ያያዘ፣ ኖታሪ ያረጋገጠው የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ።

እኔ ደግሞ አባቱ ነኝ። ዛሬ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ቀኑን ፖስታው ላይ ይጻፉ። ቆጠራው ተጀምሯል። ሜሪላንድ ውስጥ ማስታወቂያው በተሰጠ በ20 ቀን ውስጥ ካመለከቱ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በአስቸኳይ ያያል። ዋሽንግተን ስቴት ላይ ያሎት 30 ቀን ነው፤ ካለፈ መዛወሩ ሊጸድቅ ይችላል። እሷ ቤት ሄደው መጮህ፣ ለካህኑ መክሰስ፣ በዘመድ ማስፈራራት አይቆምልዎትም፤ የሚቆምልዎት በቀኑ የገባ ማመልከቻ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጡበትን፣ ለሐኪም የወሰዱበትን፣ አብራችሁ የዋላችሁበትን ሁሉ በቀን አደራጅተው ይያዙ።

ጠበቃ የምከፍለው የለኝም። እንግሊዝኛዬም አይበቃም።

አብዛኛው የቤተሰብ ፍርድ ቤት በነፃ ፎርም የሚያስሞላ የራስ አገዝ ማዕከል አለው። በገቢዎ ልክ ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ዝርዝራቸውን ይሰጥዎታል። አስተርጓሚ በነፃ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጅዎን አያስተርጉሙት፤ ስለ ራሱ ዕጣ የሚደረገውን ክርክር እንዲሸከም ማድረግ ነው።

ለልጄ መቼ ልንገራት?

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከተቻለም አባቷ ባለበት። ባለፈው ዓመት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዴንቨር የሄደች እናት ነበረች፤ ሁለቱም በስምምነት ፈርመው ነው። ሰባት ዓመት ለሞላት ልጃቸው አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረው ነገሯት። ልጅቷ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት አልጠየቀችም፣ ስለ በረዶውም አልጠየቀችም። ሻሹን ከእናቷ ትከሻ ላይ እየሳበች "አባዬ ሲመጣ የት ነው የሚያድረው?" አለች። ሁለቱም ተያዩ፤ በስምምነታቸው ውስጥ ያ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ደውላ አንድ መስመር እንድንጨምር ጠየቀችኝ፦ አባት ዴንቨር በሚመጣበት ጊዜ ልጅቷ እሱ ባረፈበት ቤት አብራው ታድራለች፤ እናት ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራት።